ባለ አራት ነጥቧ ሰርዲን

የተከበራችሁ የዓሣ ነጋዴዎች፣ የወጥ ቤት ባለሙያዎችና የባሕር ሳይንስ ተማሪዎች፤

ሰርዲን ሲባል የአብዛኞቻችን ሐሳብ የሚሄደው ወደ ቆርቆሮው ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ግን ሞቃት ባሕር ውስጥ ስለምትኖር አንዲት ትንሽ ዓሣ ነው። ሳይንሳዊ ስሟ ሄርክሎትሲክቲስ ኳድሪማኩላተስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1837 ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ የገለጻት ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው፤ ያው እስከ ጎንደር የዘለቀው ተጓዥ። ናሙናው የተገኘው ምጽዋ ላይ ነበር። ከቀይ ባሕርና ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ አንሥቶ እስከ ጃፓን፣ ሰሜን አውስትራሊያና ሳሞአ ድረስ ትገኛለች።

የስሟ ትርጉም ባለ አራት ነጥብ ነው። በግራም በቀኝም፣ ከስንጥቧ ክዳን ኋላ ሁለት ሁለት ብርቱካናማ ነጥቦች አሏት። በሕይወት ሳለች በጎኗ ላይ ደማቅ ሰማያዊ መስመር ይታያል። ስትሞት ግን ቀለሙ ስለሚደበዝዝ ገበያ ላይ በቀለም ብቻ መለየት ያሳስታል። አስተማማኙ መንገድ ይኸውላችሁ፦ ከጀርባ ክንፏ ፊት ለፊት ያለውን ቅርፊት በቢላ ጫፍ ቀስ አድርጋችሁ አንሡ፤ ከሥሩ እንደ ክንፍ የተዘረጉ ረዘም ያሉ ቅርፊቶች ታገኛላችሁ። ቀጥሎ ከፊንጢጣዋ ኋላ ያለውን ክንፍ ተመልከቱ። ሰርዲኔላ በሚባሉት ዘመዶቿ የዚህ ክንፍ የመጨረሻዎቹ ሁለት ዘንጎች ከሌሎቹ ጎላ ይላሉ፤ በእሷ ግን አይጎሉም። ርዝመቷ አብዛኛውን ጊዜ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው።

ቀን ቀን በዳርቻው ጥልቀት በሌለው ውኃ፣ በአሸዋማ ጠረፍና በማንግሮቭ (በጨዋማ ውኃ ዳር የሚበቅል ዛፍ) አጠገብ ጥቅጥቅ ባለ መንጋ ትውላለች። ሲመሽ መንጋው ወደ ጥልቁ ውኃ ወጥቶ ለምግብ ይበተናል፤ ሲነጋም ይመለሳል። ምግቧ በውኃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን እንስሳት ናቸው፤ ኮፔፖድ የሚባሉ የሸርጣን ጥቃቅን ዘመዶች፣ የሸርጣንና የሽሪምፕ እጮች፣ ትናንሽ ትሎች። በስንጥቧ ቅስት ላይ እንደ ማበጠሪያ የተደረደሩ ጥርሶች አሉ፤ በታችኛው ክፍል ብቻ ከ30 በላይ ናቸው። ውኃው በመካከላቸው ሲያልፍ ምግቡ ይቀራል።

ሕይወቷ አጭር ነው። በግማሽ ዓመት አካባቢ፣ 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስትደርስ፣ እንቁላል መጣል ትጀምራለች። ከአንድ ዓመት ብዙም አልፋ አትኖርም። ስለዚህ የዘንድሮው መንጋ ከሞላ ጎደል የዘንድሮ ልጆች ብቻ ናቸው። እንቁላል ሳይጥሉ በብዛት ከተጠመዱ በሚቀጥለው ዓመት የሚተካቸው አሮጌ ትውልድ የለም። በዚህ ጉዳይ ላይ ቸልተኝነት ያሳዝነኛል።

በፓስፊክ ውቅያኖስ ባሉት በኪሪባቲና በሰሎሞን ደሴቶች ቱና የሚባለውን ትልቅ ዓሣ ለማባበያነት በሌሊት፣ በመብራት እየሰበሰቡ ሲያጠምዷት ኖረዋል። እዚያ የሚፈጠረው ችግር ቅርፊቷ በቀላሉ መርገፉ ነው። ቅርፊቱ ከረገፈበት ገላዋ ጨዋማው ባሕር ውኃዋን ስለሚመጥጥ ቶሎ ትሞታለች። በሕይወት መያዝ የሚፈልግ ሰው በደረቅ መረብ አያንሣት፤ ከነውኃው በባልዲ ይቅዳት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ1994 ማዳጋስካር ውስጥ አንዲት ሴት ይህችን ዓሣ በልታ ሞተች። በዓሣው ውስጥ የተገኘው ፓሊቶክሲን ወይም የእሱ ቅርብ ዘመድ የሆነ መርዝ ነው። የሚገርመው በዓሦቹ ስንጥብና ጉሮሮ ውስጥ የባሕር ወለል ደለል መገኘቱ ነው። ተንሳፋፊ ምግብ የምታጠልለው ዓሣ ወለሉንም ቃርማለች ማለት ነው። የመርዙ ምንጭ ተብሎ የተጠረጠረውም ወለል ላይ የሚኖር ኦስትሪዮፕሲስ የተባለ በዓይን የማይታይ አልጌ ነው።

እንዲህ ያለውን መርዝ መጥበስም መቀቀልም አያጠፋውም። ትንሽ ዓሣ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከነሆዷ ነው የምትበላው። ጭንቅላቷን ወደ ሆዷ በኩል ሰብራችሁ ስትስቡ ስንጥቡም አንጀቱም አብሮ ይወጣል፤ ሁሉንም ጣሉት። ይህ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አያስወግደውም። ስትቀምሱት የብረት ብረት የሚል ከሆነ ትፉት። ማስመለስ፣ መደንዘዝ ወይም የጡንቻ ሕመም ከተከተለ ሐኪም ቤት ለመሄድ አንድ ደቂቃ አትጠብቁ፤ ማርከሻ መድኃኒት የለውም፤ ሕክምናው ልብንና ትንፋሽን ማገዝ ነው።

ሌላው መርዝ ሂስታሚን ነው። ይህ ከባሕር ሳይሆን ከእኛ እጅ ይመጣል፤ ዓሣው ሙቀት ላይ ሲቆይ ባክቴሪያ ይሠራዋል፤ እሱም በእሳት አይጠፋም። ለ1 ኪሎ ዓሣ 1 ኪሎ የተፈጨ በረዶ፣ ከመረቡ እንደወጣ ወዲያው።

ሰው ከታመመ ደግሞ ከማዕዱ የተረፈውን አትጣሉ። በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ በማቀዝቀዣ አስቀምጡና ለሐኪሙ ንገሩት። የማዳጋስካሩን መርዝ ለመለየት ያስቻሉት የተረፉት የዓሣ ጭንቅላቶች ናቸው።