ጦርነቱን የገዛ ፓርቲው ሲቃወመው፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ሕዝብ ያልወደደው ጦርነት ውስጥ የገባ ገዢ ፓርቲ ከውስጡ ተቃውሞ ሲነሳበት ምን ይሆናል? በዚህ ጉዳይ ከአድማጮች የመጡ ጥያቄዎችን ከዚህ በታች መልሻለሁ። በስልክ ላይ ጊዜ ያጠረንን እዚህ ትንሽ ሰፋ አድርጌዋለሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በ2003 የቶኒ ብሌር ፓርቲ አባላት የኢራቅን ጦርነት ተቃውመው ድምፅ ሰጡ ሲባል ሰምቻለሁ። ታዲያ ጦርነቱ እንዴት ተካሄደ? የራሳቸው ሰዎች ካልደገፏቸው ማን ደገፋቸው?

ተቀናቃኞቻቸው ናቸው የደገፏቸው።

ማርች 18 ቀን 2003 ማታ በእንግሊዝ ፓርላማ ሁለት ጊዜ ድምፅ ተሰጠ። መጀመሪያ ተቃዋሚዎቹ «ለጦርነት የሚያበቃ ምክንያት ገና አልቀረበም» የሚል ይዘት ያለው ማሻሻያ አቀረቡ። 217 ሰው ደገፈው፣ 396 ተቃወመውና ወደቀ። ከደጋፊዎቹ 139ኙ የብሌር የራሳቸው የሌበር ፓርቲ አባላት ነበሩ። ቀጥሎ የመንግሥት የውሳኔ ሐሳብ ቀረበና በ412 ለ149 አለፈ።

ዋናው ተቃዋሚ፣ የወግ አጥባቂዎቹ ፓርቲ፣ ከጥቂት አባላቱ በስተቀር ጦርነቱን ይደግፍ ነበር። የእነሱ ድምፅ በዚያች ማታ ወደ ሌላው ወገን ቢዞር ብሌር ይሸነፉ ነበር። ሥልጣን ለመልቀቅም ተዘጋጅተው ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። እዚያ ፓርላማ እጅ አይወጣም፣ ቁልፍም አይጫንም። አባላቱ ከመቀመጫቸው ተነስተው ከሁለት ኮሪደሮች በአንዱ ያልፋሉ። አንዱ የ«አዎ»፣ ሌላው የ«አይ» ነው። በር ላይ ይቆጠራሉ። እንግዲህ አስቡት። ዕድሜዎን ሙሉ ለፓርቲዎ ቅስቀሳ ሲሮጡ ኖረዋል። ያን ዕለት ግን ጓደኞችዎ በአንዱ በር ሲገቡ እርስዎ በሌላው ሊገቡ ነው። ጓደኞችዎን አጅቦ የሚገባው ደግሞ ስትፋለሙት የኖራችሁት ተቃዋሚ ፓርቲ ነው። ሁሉም ያያል።

ጥያቄ፦ ሕሊናው አልፈቅድ ያለው አባል «አልደግፍም» ብሎ ቁጭ ማለት አይችልም? ምንድን ነው የሚያስፈራው?

መቃወሙን ይችላል። የሚያስፈራው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው።

በእንግሊዝ ፓርቲዎቹ ዊፕ የሚባሉ ተጠሪዎች አሏቸው። ሥራቸው አባላቱን ማሰለፍ ነው። ስለ መጪዎቹ ድምፆች ለአባላቱ ጽሑፍ ይልካሉ። ከጉዳዩ ሥር ሦስት መስመር ከተሰመረ ትርጉሙ «መቅረት የለም፣ ትመጣለህ፣ እኛ ባልንህም ትገባለህ» ነው። በኢራቁ ድምፅ ላይ የነበረው ባለ ሦስት መስመሩ ነው። እሱን የጣሰ ሰው እስር ቤት አይገባም። ግን ሚኒስትር የመሆን ተስፋውን ሊሰናበተው ይችላል። ሲብስ በሚቀጥለው ምርጫ ፓርቲው ዕጩ አላደርግህም ይለዋል።

በ1956 እንግሊዝ ግብፅን በወረረችበት የስዊዝ ቦይ ጦርነት ጊዜ የሆነው ይኸው ነው። ወግ አጥባቂው ናይጄል ኒኮልሰን መንግሥታቸውን አልደግፍም ብለው ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። የቀጣቸው ከላይ ያለው አመራር አልነበረም። የገዛ ምርጫ ክልላቸው የፓርቲ አባላት ናቸው ፊታቸውን ያዞሩባቸው፣ ዕጩነታቸውንም አጡ። ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ተቃዋሚው የሚፈራው መሪውን ብቻ ይመስለናል። ታች ያለው አባል ከመሪው በላይ የጦርነቱ ደጋፊ ሆኖ ሲገኝ ግን መግቢያ መውጫው ይጠፋል።

ጥያቄ፦ በጦርነቱ ያላመነ ሚኒስትር ወጥቶ መቃወም ነው ወይስ ውስጥ ሆኖ ማስተካከል የሚሻለው? ወጥቶ የተናገረውን ማን ይሰማዋል?

የስልኩ መስመር ሦስት ጊዜ የተቋረጠባቸው አድማጭ ናቸው፣ ይቅርታ እየጠየቅሁ ሰፋ አድርጌ ልመልስልዎ።

ሁለት የብሌር ሚኒስትሮችን ጎን ለጎን ላቅርብልዎ። ሮቢን ኩክ ቀደም ሲል የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ። ማርች 17 ቀን 2003፣ ድምፁ ሊሰጥ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከካቢኔ ለቀቁ። ያኑ ማታ ከኋላ ወንበር ተነስተው ተናገሩ። ብሌርን አልሰደቡም፣ እንዲያውም አመሰገኗቸው። ከዚያ ዓለም አቀፍ ስምምነትም ሆነ የአገር ውስጥ ድጋፍ በሌለበት ጦርነት ኃላፊነቱን አልጋራም አሉ። በዚያ ምክር ቤት ማጨብጨብ ነውር ነው። ያን ማታ ግን ተነስተው አጨበጨቡላቸው።

ክሌር ሾርት የዓለም አቀፍ ልማት ሚኒስትር ነበሩ። በሬዲዮ ቀርበው የብሌርን አካሄድ ግዴለሽነት ነው ብለው በግልጽ ነቀፉ፣ እለቃለሁም አሉ። ከዚያ ግን ቆዩ። ከጦርነቱ በኋላ በሚደረገው መልሶ ግንባታ ላይ ድርሻ ይኖረኛል ብለው አምነው ነበር። በማርች 18ቱ ድምፅ ከመንግሥት ጋር ቆሙ። ግንቦት ላይ፣ ባግዳድ ከወደቀች በኋላ፣ የተገባልኝ ቃል ፈረሰ ብለው ለቀቁ። በዚያን ጊዜ ግን ሰሚ አልነበረም። ጦርነቱን የሚቃወመውም የሚደግፈውም አዘነባቸው።

ለእኔ ግን ከሾርት ይልቅ የሚያሳዝኑኝ ሂዩበርት ሃምፍሪ ናቸው። የፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ምክትል ነበሩ። በፌብሩዋሪ 1965 ጆንሰን ቬትናም ላይ ጦርነቱን ሊያሰፉ ሲሉ ሃምፍሪ በምስጢር ማስታወሻ ጻፉላቸው። ይህ ጦርነት በፖለቲካ ያስከፍለናል፣ ሕዝባችን አይከተለንም የሚል ነበር። ጆንሰን ተናደዱ። ምክትላቸውን ለአንድ ዓመት ያህል ከቬትናም ስብሰባዎች አገለሏቸው። ሃምፍሪ ወደ ክፍሉ የተመለሱት ሐሳባቸውን ውጠው፣ የጦርነቱ ዋነኛ አወዳሽ ሆነው ነው። የጻፉት ነገር ከሦስት ዓመት በኋላ ቁልጭ ብሎ ሲፈጸም ዕዳው የወደቀው በራሳቸው ላይ ሆነ።

«ውስጥ ሆኜ አስተካክላለሁ» የሚባለው ነገር አንዳንዴ እውነት ነው። ግን መሪው የሚለቅ ሰውን እንጂ የሚያጉረመርም ሰውን አይቆጥርም። ማጉረምረም ይለመዳል። እንዲያውም ለመሪው ይጠቅመዋል፣ «ይኸው የተለየ ሐሳብም እንሰማለን» ለማለት።

ጥያቄ፦ ጆንሰንን ከሥልጣን ያወረዳቸው የጎዳና ሰልፍ ነው ወይስ የራሳቸው ፓርቲ?

ሁለቱም አሉበት። መጨረሻ ላይ ግን የገፋቸው የራሳቸው ፓርቲ ቆጠራ ነው።

በኦገስት 1964 ጆንሰን ቬትናም ላይ ኃይል እንዲጠቀሙ የፈቀደው የቶንኪን ባሕረ ሰላጤ ውሳኔ በሴኔቱ ሲያልፍ የተቃወሙት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፣ ዌይን ሞርስና ኧርነስት ግሩኒንግ። ሁለቱም የጆንሰን ፓርቲ ሰዎች፣ ዴሞክራቶች ናቸው። 88 ለ2። በ1966 ሌላው ዴሞክራት ዊልያም ፉልብራይት የሴኔቱን የውጭ ግንኙነት ኮሚቴ ሰብስበው የጦርነቱን ጉዳይ በቴሌቪዥን አስመረመሩ። ጆንሰን አሁንም ፍንክች አላሉም።

ፍንክች ያሉት ማርች 12 ቀን 1968 ነው። ሴናተር ዩጂን ማካርቲ በኒው ሃምፕሸር የፓርቲው ቅድመ ምርጫ ጦርነቱን ተቃውመው ቀረቡ። ጆንሰን 49 በመቶ ገደማ፣ ማካርቲ 42 በመቶ አገኙ። ልብ በሉ፣ ያሸነፉት ጆንሰን ናቸው! ስማቸው ወረቀቱ ላይ ሳይታተም፣ መራጩ በእጁ እየጻፈ ነው ያሸነፉት። ግን በሥልጣን ላይ ያለ ፕሬዚዳንት በገዛ ቤቱ 42 በመቶ ሲሸሸው ማሸነፍ አይባልም። ከአራት ቀን በኋላ ሮበርት ኬኔዲ ውድድሩን ተቀላቀሉ። ማርች 31 ማታ ጆንሰን በቴሌቪዥን ስለ ቬትናም ረጅም ንግግር አድርገው መጨረሻ ላይ፣ ድጋሚ አልወዳደርም አሉ።

አንድ አስገራሚ ነገር አለ። ለማካርቲ ድምፅ ከሰጡት ብዙዎቹ ጦርነቱ ይቁም የሚሉ አልነበሩም። በጆንሰን የተናደዱት ጦርነቱን በደንብ አልተዋጋም ብለው ነው። የድምፅ መስጫ ሳጥን ግን ምክንያት አይጠይቅም።

ጥያቄ፦ ወታደር ግንባር ላይ እየሞተ ፓርቲው ውስጥ መከፋፈል ጠላትን መርዳት አይሆንም?

ይህን የጠየቁት ወንድማችን ድምፃቸው ላይ ምሬት ነበር፣ ስለዚህ ቀለል አድርጌ አላልፈውም።

ክሱ ዱሮም የነበረ ነው። በኦገስት 1914 የጀርመን ሶሻል ዴሞክራቶች ለጦርነቱ የሚሆን ገንዘብ ለማጽደቅ በዝግ ተሰበሰቡ። 78 ደገፉ፣ 14 ተቃወሙ። ከተቃወሙት አንዱ ከፓርቲው ሊቀ መናብርት አንዱ የነበሩት ሁጎ ሃዘ ናቸው። በነጋታው በምክር ቤቱ የፓርቲውን የድጋፍ መግለጫ ቆመው ያነበቡት ማን ይመስልዎታል? እኚሁ ሃዘ። ያላመኑበትን ነገር በገዛ አንደበታቸው። የፓርቲ ዲሲፕሊን ይሉታል። በዲሴምበር ሁለተኛው ድምፅ ሲሰጥ ካርል ሊብክነኽት ለብቻቸው ተቃወሙ። በቀጣዩ ዓመት ማለቂያ ተቃዋሚዎቹ 20 ደረሱ። ከዚያ ከቡድኑ መባረር መጣ፣ በ1917 ፓርቲው ለሁለት ተሰነጠቀ። «አንድነታችን ይጠበቅ» ተብሎ የታፈነው ነገር ነው አንድነቱን የሰነጠቀው።

ደግሞም ውስጣዊ ተቃውሞ ሁሉ «ጦርነቱ ይቁም» አይደለም። በሜይ 1940 እንግሊዝ ጀርመንን ለመግታት ኖርዌይ ላይ ያደረገችው ዘመቻ ሲከሽፍ ወግ አጥባቂው ሊዮ ኤምሪ ተነስተው ለገዛ መሪያቸው ለጠቅላይ ሚኒስትር ኔቪል ቼምበርሌን የጥንቱን የእንግሊዝ መሪ የክሮምዌልን ቃል ወረወሩባቸው፣ በእግዚአብሔር ስም፣ ሂዱ ብለው። ቼምበርሌን ድምፁን 281 ለ200 አሸነፉ። ግን ከ200 በላይ መሆን የነበረበት ብልጫ 81 ሆኖ ቀረ። በሁለተኛው ቀን ለቀቁና ቸርችል ተተኩ። እነዚህ ሰዎች የፈለጉት ጦርነቱ በደንብ እንዲካሄድ ነበር። ጠላትን ረዱ የሚላቸው ዛሬ የለም።

ጥያቄ፦ አንድ ፓርቲ ብቻ ባለበት አገርስ? እዚያ ማን ይቃወማል?

እዚያ ተቃውሞ የሚታየው በጎደለው ፊርማ ነው። ሶቪየት ኅብረት በዲሴምበር 1979 አፍጋኒስታን ለመግባት ስትወስን ሰነዱ በእጅ የተጻፈ ነበር። ርዕሱ «በ‹አ› ስላለው ሁኔታ» ይላል፣ የአገሩ ስም እንኳን ሙሉውን አልተጻፈም። የፖሊት ቢሮ አባላት በጽሑፉ ላይ አግድም ፈርመውበታል። የጠቅላይ ሚኒስትሩ የአሌክሲ ኮሲጊን ፊርማ ግን የለም። በዚያው ዓመት ማርች ላይ የአፍጋኑ መሪ ታራኪ ወታደር ላኩልኝ ብለው ሲለምኑ እምቢ ካሉት አንዱ ኮሲጊን ነበሩ።

ውጭ ያለው ሕዝብ ይህን አላየም። ጎርባቾቭ ጦርነቱን የሚደማ ቁስል ብለው የጠሩት በ1986 ነው፣ የመጨረሻው ወታደር የወጣው በፌብሩዋሪ 1989። ወደ 15,000 የሶቪየት ወታደር ካለቀ በኋላ፣ የሞተውን አፍጋናዊ ሳንቆጥር።

ጥያቄ፦ መራጩ በጦርነት የተከፋፈለ ፓርቲን ይቀጣል?

አንዳንዴ። በ1968 ዴሞክራቶቹ ቺካጎ ላይ በጉባኤያቸው ሲናከሱ አገር ሁሉ በቴሌቪዥን አያቸው፣ ሃምፍሪም ከአንድ በመቶ ባነሰ ልዩነት በኒክሰን ተሸነፉ። ሌበር በ2005 አሸነፈ፣ ብልጫው ግን ከ167 ወደ 66 መቀመጫ ወረደ። ወግ አጥባቂዎቹ ደግሞ ከስዊዝ ውርደት ሦስት ዓመት ሳይሞላቸው በ1959 በሰፊው አሸነፉ። ምስጢሩ መሪያቸውን ቀይረው፣ ጉዳዩን ዳግም ያላነሱት መሆናቸው ነው።

ጥያቄ፦ እሺ፣ 139ኙ ምን ፈየዱ? ጦርነቱን አላስቆሙም እኮ።

አላስቆሙም። ሮቢን ኩክ በ2005 ዐረፉ። ኤድንብራ ባለው መቃብራቸው ላይ የተቀረጸው ቃል ይህንኑ ያምናል። ጦርነቱን ለማስቆም አልተሳካልኝ ይሆናል፣ ግን ፓርላማው ስለ ጦርነት የመወሰን መብት እንዲያገኝ አድርጌያለሁ የሚል ነው።

እውነትም በኦገስት 2013 ወግ አጥባቂው ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን ሶሪያን ለመደብደብ ፓርላማውን ሲጠይቁ ከራሳቸው ፓርቲ 30 ሰው አመፀባቸው። 285 ለ272 ተሸነፉ፣ እንግሊዝም ያኔ አልገባችም። ይህ ልማድ እንጂ የተጻፈ ሕግ አልነበረም። በኤፕሪል 2018 ቴሬዛ ሜይ እዚያችው ሶሪያ ላይ የአየር ድብደባ ሲያዙ አስቀድመው ድምፅ አላስሰጡም።