የ1950ዎቹ የአሜሪካ ጥጋብ ለማን ደረሰ? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ዝግጅታችን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ስለነበረችው አሜሪካ ተነጋግረን ነበር። ስልኩ አላረፈም፣ ሰዓቱም አልበቃንም። በጥድፊያ ያለፍናቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከአዲስ አበባ የደወሉ አባት፦ «ጦርነት አገር ያደኸያል እንጂ ያበለጽጋል እንዴ? አሜሪካ ከዚያ ሁሉ እልቂት እንዴት ሀብታም ሆና ወጣች?»

ልክ ነዎት አባቴ፣ ጦርነት ያደኸያል። የጀርመንና የጃፓን ከተሞች አመድ ሆነዋል። እንግሊዝ አሸንፋ እንኳ እስከ 1954 ድረስ ምግብ በራሽን ታድል ነበር። የአሜሪካ ፋብሪካዎች ላይ ግን ቦምብ አልወደቀም። ጦርነቱ ሲያልቅ ከዓለም የፋብሪካ ምርት ግማሽ ያህሉ የእሷ ነበር።

ሌላም ምክንያት አለ። ከ1942 መጀመሪያ እስከ 1945 ድረስ ፋብሪካዎቹ ለጦሩ ስለሚሠሩ፣ ለተራው ሕዝብ የሚሸጥ አዲስ መኪና አይመረትም ነበር። ሠራተኛው ደመወዝ ያገኛል፣ የሚገዛው ዕቃ ግን የለም። ስለዚህ ገንዘቡን በባንክና በጦርነት ቦንድ፣ ማለትም ለመንግሥት በሚያበድርበት ሰነድ፣ አጠራቀመ። ሰላም ሲመጣ ያ ሁሉ ገንዘብ ወደ ገበያ ወጣ።

ይሄ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሞቅታው ቶሎ ይበርድ ነበር ብዬ አምናለሁ። ያቆየው ሕግና ውል ነው። በ1944 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጂአይ ቢል የሚባለውን የዘማቾች ሕግ ፈረሙ። በእሱ 2.2 ሚሊዮን ያህል ዘማቾች ኮሌጅ ገቡ። በ1950 የመኪና ሠራተኞች ማኅበር ከጄኔራል ሞተርስ ጋር የአምስት ዓመት ስምምነት አደረገ። ደመወዝ ከኑሮ ውድነት ጋር አብሮ ይጨምራል፤ ጡረታና ሕክምናም ተካተተ። ያኔ ከሠራተኛው ሲሶው ያህል የማኅበር አባል ነበር። ይህን እንድታስታውሱልኝ እፈልጋለሁ፦ ጥጋቡ በሕግ የተሠራ ከሆነ፣ ለማን እንደሚደርስም የወሰነው ሕግ ነው።

ከሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የደወሉ አድማጭ፦ «ቤቴ የድሮ ቤት ነው። የቆየውን ሰነድ ሳገላብጥ ለጥቁር አይሸጥም የሚል አንቀጽ አገኘሁ። እኔ ደግሞ ጥቁር ነኝ። ቤቱ የኔ አይደለም ማለት ነው?»

ቤቱ የእርስዎ ነው፣ አይስጉ። ያ አንቀጽ ዛሬ ምንም ጉልበት የለውም። በ1948 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለውን ውል የትኛውም ፍርድ ቤት ማስፈጸም አይችልም ብሎ ወሰነ። በ1968 የወጣው የቤት ሕግ ደግሞ በዘር ምክንያት አልሸጥም፣ አላከራይም ማለትን ራሱን ከለከለ። ያገኙት አንቀጽ ግን ብርቅ አይደለም። በሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ ሰፈሮች የተሸጡት እንዲህ ባለ ውል ነው።

አሠራሩን ላስረዳ። ድሮ ቤት የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ የዋጋውን ግማሽ ያህል ቀድሞ ይከፍላል፤ የቀረውን በጥቂት ዓመት ውስጥ ይጨርሳል። ከ1934 ጀምሮ የፌደራል መንግሥቱ ለባንኩ ዋስ መሆን ጀመረ። ሞርጌጁ፣ ማለትም የቤቱ ብድር መክፈያ ጊዜ፣ ወደ 20 እና 30 ዓመት ረዘመ። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ብዙ ዘማቾች ያለ ዳውን ፔይመንት፣ ማለትም ያለ ቅድሚያ ክፍያ፣ መግዛት ቻሉ። ተራ ሠራተኛ የቤት ባለቤት የሆነው በዚህ ነው። ነገር ግን ዋስትናውን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ጥቁሮች የሚኖሩበትን ሰፈር ለብድር አደገኛ ብሎ ይመድብ ነበር። የ1930ዎቹ መመሪያው ጥቁር እንዳይገባ የሚከለክል ውል እንዲኖር ጭምር ይመክራል። ስለዚህ እርስዎ ያገኙትን አንቀጽ የአንድ ዘረኛ ሻጭ ሐሳብ ብቻ አድርገው አይዩት። ከጀርባው መንግሥት ነበረበት።

ሌቪታውንን ልጥቀስ። ከኒውዮርክ አጠገብ ሎንግ አይላንድ ላይ በ1947 ተጀምሮ በ1951 ከ17,000 በላይ ቤት የተሠራበት ሰፈር ነው። አሠራሩ እንደ ፋብሪካ ነበር፤ እዚህ ግን የሚንቀሳቀሰው ሠራተኛው ነው። አንዱ መሠረት ብቻ፣ ሌላው ቀለም ብቻ እየሠራ ከቤት ወደ ቤት ያልፋል። በ1949 አንዱ ቤት 7,990 ዶላር ይሸጥ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ውሎች ከነጭ በቀር ማንም እንዳይኖርበት ይከለክላሉ። የቤት ሠራተኛ ግን ይፈቀዳል ይላሉ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያመኛል። ጥቁሯ ሴት ቤቱን ማጽዳት ትችላለች፣ ልጆቿን ይዛ መኖር ግን አትችልም።

ደቡቡ ደግሞ የባሰ ነበር። በ1947 በሚሲሲፒ መንግሥት ዋስ ከሆነላቸው ከ3,200 በላይ የዘማቾች ብድሮች ውስጥ ለጥቁር ዘማቾች የደረሱት 2 ብቻ ናቸው። ሰሜኑም ቢሆን አልተሻለም። በነሐሴ 1957 ዊልያምና ዴዚ ማየርስ የተባሉ ጥቁር ባልና ሚስት ፔንስልቬንያ ያለችው ሌላዋ ሌቪታውን ውስጥ ቤት ገዝተው ገቡ። ባልየው ራሱ ዘማች ነበር። ሰው ለቀናት ቤታቸውን ከቦ ጮኸ፣ ድንጋይ ወረወረ። የክፍለ ግዛቱ ፖሊስ መግባት ነበረበት። ቤተሰቡ ግን አልወጣም።

በዚህ ጥያቄ ላይ የቆየሁት ቤት ውርስ ስለሆነ ነው። ያኔ የገዛው ቤተሰብ በቤቱ ዋጋ ተበድሮ ልጁን ኮሌጅ አስተማረ፤ ሲሞትም አወረሰ። የተከለከለው ዕድሜውን ሙሉ ኪራይ ከፈለ። ዛሬ በነጭና በጥቁር ቤተሰቦች መካከል ያለው የሀብት ልዩነት አንዱ ሥሩ እዚህ ነው።

ከዳላስ የደወለች እህት፦ «አሮጊቷ ጎረቤቴ ‹በኛ ጊዜ እናት ቤቷ ነበረች› ትለኛለች። እውነት ሴቱ ሁሉ ቤት ይውል ነበር?»

ጎረቤትሽ ያየችውን ነው የምትነግርሽ። ጦርነቱ ሲያልቅ በፋብሪካ የነበሩ ሴቶች በብዛት ተሰናበቱ። ሴቶች በ20 ዓመታቸው ገደማ ያገቡ ነበር። በ1957 ብቻ 4.3 ሚሊዮን ያህል ልጅ ተወለደ።

ግን ሥራ የያዙ ሴቶች ቁጥር በዚያው አሥር ዓመት አልቀነሰም፣ ጨመረ። በ1950 ከሴቶች 34 በመቶ ያህሉ ሥራ ላይ ነበሩ፤ በ1960 ወደ 38 በመቶ ደረሰ። የሞርጌጁና የመኪናው ዕዳ ሁለተኛ ደመወዝ ይፈልግ ነበር። ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያው ግን በጋዜጣ ላይ የወንድና የሴት ተብሎ ይለያል። ለሴቷ የሚቀርላት ጸሐፊነት፣ ነርስነት፣ አስተማሪነት ነው።

ጥቁር ሴቶች ደግሞ ቀድሞም ቤት አልዋሉም። በታኅሣሥ 1955 በአላባማዋ ሞንትጎመሪ ጥቁሯ ሮዛ ፓርክስ በአውቶቡስ ላይ ወንበሯን ለነጭ አልለቅም ብላ ስትታሰር፣ በዚያው ሌሊት አውቶቡስ አንሳፈር የሚለውን ወረቀት አባዝተው የበተኑት ጥቁሯ የኮሌጅ መምህርት ጆ አን ሮቢንሰንና ጓደኞቿ ናቸው። ከዚያ በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ በእግር ከተጓዙት ብዙዎቹ በነጭ ቤት ምግብ የሚያበስሉና ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ነበሩ። የዚያን ዘመን ትልቁን ለውጥ አሳዪኝ ብትይኝ ከቲቪውም ከፍሪጁም በፊት እነሱን ነው የማሳይሽ።

ከባሕር ዳር የደወለ ወጣት፦ «ወላጆች ሮክ ኤንድ ሮልን ለምን ያን ያህል ፈሩት?»

ወጣቱ የራሱ ገንዘብና የራሱ ሬዲዮ ስለነበረው ነው። በ1954 በኪስ የሚያዝ ትራንዚስተር ሬዲዮ ገበያ ላይ ዋለ። ሳሎን ያለውን ትልቁን ሬዲዮ አባት ይቆጣጠራል፤ በትራስ ሥር ያለውን ግን ማንም አይቆጣጠርም። የነጭ ልጆች በሌሊት ጥቁሮቹን ዘፋኞች ቸክ ቤሪንና ሊትል ሪቻርድን መስማት ጀመሩ። ሰፈሩም ትምህርት ቤቱም በዘር በተለየበት አገር ሙዚቃው አጥሩን ዘለለ። በ1956 ነጩ የሮክ ኤንድ ሮል ዘፋኝ ኤልቪስ ፕሪስሊ በኤድ ሱሊቫን የቲቪ ዝግጅት ሲቀርብ 60 ሚሊዮን ያህል ሰው አየው። ከዚያ በኋላ ማንም አላቆመውም።

ከፍራንክፈርት የደወሉ እናት፦ «ያኔ የኛ ሰው አሜሪካ አልነበረም?»

በጣት የሚቆጠር ነበር፤ አብዛኛው ተማሪ። የ1924ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ለየአገሩ ኮታ መድቦ ነበር። የኢትዮጵያ ድርሻ በዓመት 100 ሰው ሲሆን፣ በ1952 የወጣው ሕግም ይህን አልለወጠም።

ጃንሆይ ግን በግንቦት 1954 ሄደዋል። ቃኘው ሻለቃ ከአሜሪካኖች ጎን ሆኖ ኮሪያ ላይ ከተዋጋ ብዙም አልቆየም ነበር። ለአሜሪካ ምክር ቤት ንግግር ያደረጉት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በትምህርት ቤት ጥቁርና ነጭን መለየት ሕገ ወጥ ነው ካለ ከ11 ቀን በኋላ ነው። ጥቁር አሜሪካውያን በዚያ ሰሞን አንድ አፍሪካዊ ንጉሠ ነገሥት በኒውዮርክ ጎዳና በሰልፍ ሲከበር አዩ።

ኮታው የተነሳው በ1965 ነው። የኛ ሰው በብዛት የገባው ደግሞ ከአብዮቱ በኋላ፣ በተለይ የ1980ው የስደተኞች ሕግ ከወጣ ወዲህ ነው።