መንግሥት ሲቀየር ኢንተርኔቱን ማን ይቆጣጠራል?

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ክቡራን እንግዶች፣ እንኳን ወደ ሐዋሳ በሰላም መጣችሁ። ምሳው የሐይቁ ዓሣ ነውና አሳጥራለሁ።

አሜሪካ አስተዳደር በቀየረች ቁጥር «ኢንተርኔቱን መልሰው ይወስዱት ይሆን?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። መልሱ ያለው ውሉ ላይ ነው። የዶሜይን ስሞችን፣ ማለትም የድረ ገጽና የኢሜይል አድራሻ ስሞችን፣ የበላይ መዝገብ (ሩት ዞኑን) የሚያስተዳድረው አይካን የተባለው ድርጅት ለአሜሪካ ንግድ ሚኒስቴር ተጠሪ የነበረው በውል ነበር፤ ውሉም መስከረም 20 ቀን 2009 ዓ.ም. ሳይታደስ አበቃ፤ የበላይ ቁጥጥሩም ከሚኒስቴሩ እጅ ወጣ። በዚያው ዓመት ጥር ላይ ሌላ ፓርቲ ሥልጣን ያዘ። በ2010 ዓ.ም. ከሚኒስቴሩ መሥሪያ ቤቶች አንዱ «ርክክቡ ይቀልበስ ወይ?» ብሎ የሕዝብ አስተያየት ሰበሰበ፤ ነገሩ ከመጠየቅ አላለፈም። ያለቀ ውል በትእዛዝ አይነሳም፤ አዲስ ውል ደግሞ የአይካንን ፊርማ ይፈልጋል። ሆኖም አይካን በካሊፎርኒያ ሕግ የተቋቋመ ድርጅት ነው፤ የአሜሪካ ፍርድ ቤትና ማዕቀብ ይደርስበታል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የራሳችን ቤት ነው። በ2011 ዓ.ም. የኮሙኒኬሽንና ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ወደ ኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ሲገባ እንዳየነው፣ መሥሪያ ቤት ሲዋሃድ ከማኅተሙ ጋር የድረ ገጽ አድራሻውም ይቀየራል። የኢትዮጵያን ነጥብ ኢቲን (.et) ለመሰለ የአገር ዶሜይን በሩት ዞኑ መዝገብ ላይ የአስተዳዳሪውና የተጠሪዎቹ፣ ማለትም ስለ ዶሜይኑ የሚጠየቁት ሰዎች፣ ኢሜይል ይሰፍራል፤ ለውጥ ሲጠየቅ ማረጋገጫው የሚላከው ወደዚያው ነው። ተጠሪው ሥራ ለቆ ኢሜይሉ ከተዘጋ፣ አንድ የስም ሰርቨር (የዶሜይን ስም የት እንደሚገኝ የሚመልስ ኮምፒውተር) አድራሻ ማስተካከል እንኳ በደብዳቤ ማንነትን የማስመስከር ጣጣ ይሆናል። አስተዳዳሪውን ራሱን ለመቀየር ደግሞ የሚኒስትር ደብዳቤ ብቻውን አይበቃም፦ የነባሩ አስተዳዳሪ ስምምነት፣ የአገሬው ተጠቃሚዎች ድጋፍ ማስረጃ፣ በተለያየ ኔትወርክ ላይ ያሉ ቢያንስ ሁለት የስም ሰርቨሮች ይጠየቃሉ።

ስለዚህ ለክልል ቢሮዎችም ሆነ ለኮሌጆች የምለው አንድ ነው። የተጠሪ ኢሜይል በሥራ መደቡ ስም ይከፈት፤ ደግሞም ከራሱ ዶሜይን ውጪ ይሁን፤ አለዚያ ዶሜይኑ ሲወድቅ ማረጋገጫው የሚመጣበት ሳጥንም አብሮ ይወድቃል። የአገር ዶሜይን ሰርቨሮችን የምትቀይሩ ከሆነ ደግሞ አሮጌዎቹን ቶሎ አታጥፉ፤ ከሩት ዞኑ የተወሰደ አድራሻ በሌሎች ሰርቨሮች ዘንድ እስከ 48 ሰዓት ይቆያል። «ለውጡ እኔ ጋ ይሠራል፣ እሱ ጋ አይሠራም» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ነው።

ከሰዓት የተጠሪዎች ቅጽ ይታደላል። የምክትሉን ቦታ ባዶ አትተዉ፤ ሹም ሽር ሲመጣ የሚጠየቀው እሱ ነው። ጉባኤያችን በይፋ ተከፍቷል።