ሁለት ዓይነት እብጠት

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ስለ ኔፍሮቲክ ሲንድረም ነው፣ ልጄ ስላለበት የኩላሊት ሕመም። በሽታው ያሳብጣል፤ መድኃኒቱም ፊት ያሞላል። ሁለቱ ግን ለየቅል ናቸው። ይህን ሳይለዩ መድኃኒት ያቋረጡ እናቶች የሆስፒታል ወረፋ ላይ አግኝቻለሁ፤ ዛሬ ማይኩን የከፈትኩት በዋናነት ለእነሱ ነው።

የእኛ የጀመረው በዓይን ነው። ጠዋት ሲነሳ ዓይኑ ዙሪያ አብጦ ይነሳል፣ ከሰዓት ላይ ይቀንሳል። አንዱ ምች ነው ይላል፣ አንዱ አለርጂ ነው ይላል። ቀኑ ሲገፋ እብጠቱ ወደ እግሩ ወረደ። ቁርጭምጭሚቱን በአውራ ጣቴ ስጫነው የጣቴ ጉድጓድ እዚያው ይቀራል። ሆዱ ተነፋ፣ የሱሪው ቁልፍ አልገጥም አለ። ሽንቱ አረፋ ይይዛል፣ አረፋውም ቶሎ አይጠፋም።

ያከመችው ሐኪም ያስረዳችኝን ልንገራችሁ። ኩላሊት ውስጥ ደም የሚያጣራ ወንፊት አለ። ወንፊቱ ሲጎዳ አልቡሚን የሚባለው ፕሮቲን ወደ ሽንት ያመልጣል። ውኃን ደም ሥር ውስጥ ይዞ ከሚያቆዩት ነገሮች ዋናው እሱ ነው፤ እሱ ሲያንስ ውኃው ወደ ሥጋ ይሰርጋል። ስለዚህ የሚመረመረው ሽንት ላይ ፕሮቲን፣ ደም ላይ አልቡሚንና ኮሌስትሮል ነው። ትልቅ ሰው ከሆነ ብዙ ጊዜ ከኩላሊቱ በመርፌ ናሙና ይወሰዳል፣ ምክንያቱም ከጀርባው ስኳር፣ ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነቱን የሚያጠቃበት በሽታ)፣ ሄፓታይተስ ቢ ወይም ሌላ ነገር ሊኖር ይችላል። ትንንሽ ልጆች ላይ ግን በአብዛኛው ናሙና ሳይወሰድ በቀጥታ ፕሬድኒሶሎን የሚባል የስቴሮይድ ክኒን ይጀመራል። ከ10 ልጆች 8 ወይም 9ኙ በዚህ መድኃኒት ይሻላቸዋል።

እንግዲህ ወደ ነገሬ። የመጀመሪያው ዙር በየቀኑ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይሰጣል፣ ከዚያ ቀን እየዘለለ ይቀጥላል። የእግሩ እብጠት ጎደለ፣ ሆዱ ተመለሰ፣ ሱሪው ገጠመ። ያን ጊዜ ደግሞ ጉንጩ ክብ ሆነ። የምግብ ፍላጎቱ ጨመረ፣ ሌሊት ተነስቶ እንጀራ ስጪኝ ይለኛል፣ ትንሿ ነገር ታስለቅሰዋለች። ጎረቤታችን እትዬ መጥተው አዩትና «ውይ ልጄ፣ መድኃኒቱ እኮ አሳበጠው! በቃ ተዪው፣ ኩላሊቱንም ይጨርሰዋል» አሉኝ። ክፋት የለባቸውም፣ አዝነው ነው። ግን እኔ እግሩን ገለጥኩና «እትዬ፣ እስቲ ይጫኑት» አልኳቸው። ተጫኑ፣ ጉድጓድ የለም። የበሽታው እብጠት ውኃ ነው፣ ሲጫኑት ይሰረጉዳል፣ ሚዛን ላይ በአጭር ጊዜ ያስታውቃል። የመድኃኒቱ ግን ጉንጭና ሆድ ላይ የሚከማች ስብ ነው፤ መጠኑ ሲቀንስ ቀስ እያለ ይሄዳል።

እባካችሁ፣ ፕሬድኒሶሎንን በራሳችሁ በአንድ ጊዜ አታቁሙ። ሰውነት የራሱን ተመሳሳይ ሆርሞን ማምረቱን ስለሚቀንስ ድንገት ሲቋረጥ ልጁ በጠና ሊታመም ይችላል። ፊቱ ካሳሰባችሁ ለሐኪም ንገሩ፤ መጠን የሚቀንሰው ሐኪም ነው። በሽታው ቶሎ ቶሎ ለሚመለስባቸው ደግሞ ስቴሮይዱን የሚያስቀንሱ ሌሎች መድኃኒቶች አሉ።

ያገረሻል ወይ? አዎ፣ አብዛኞቹ ልጆች ላይ ቢያንስ አንዴ ያገረሻል። ጉንፋን ብቻ ሊቀሰቅሰው ይችላል፣ የማንም ጥፋት አይደለም። ለዚህ ነው የጠዋት ሽንት የምመረምረው። ስትሪፕ የምትባለውን የሽንት መመርመሪያ ቁራጭ ሽንቱ ውስጥ ነክሬ አወጣለሁ፣ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ሰዓት ጠብቄ ከቀለሙ ሰንጠረዥ ጋር አስተያያለሁ። ቢጫ ከሆነ ደህና፣ አረንጓዴው እየጠቆረ ሲሄድ ፕሮቲን አለ ማለት ነው። ቀኑንና ውጤቱን ደብተር ላይ እጽፋለሁ። አንድ ቀን ከፍ ማለቱ ብቻውን ማገርሸት አይባልም፤ 3 ቀን በተከታታይ በሰንጠረዡ ላይ 3 ፕላስ (+++) ሲሆን ነው የሚባለው። ደብተሩን ያየ ሐኪም የሚወስንበት ነገር ያገኛል። ስትሪፕ ደግሞ ሁልጊዜ ፋርማሲ አይገኝም፣ ይህ በጣም ያናድደኛል። የኩላሊት መድኃኒት የሚያስገቡ ሰዎች ቢሰሙኝ ደስ ይለኛል።

ስለ ጸበል ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። እኛም እንሄዳለን። ግን ክኒኑን ይዘን ነው የምንሄደው፣ ጠዋት በሰዓቱ ይውጣል። ሲያብጥ ደግሞ ብዙ መጠጣት ስለሚከብደው በጥቂቱ ነው የሚቀምሰው። ቅጠል ተቀጥቅጦ የሚጠጣውን ግን አልሞክርም፣ ኩላሊት የሚጎዱ ዕፀዋት አሉና።

ምግብ ላይ ሲያብጥ ጨው ነው የሚቀነሰው። በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጅ ጨው አብሮ የሚገባበት ቤት ብዙ ስለሆነ፣ ለእሱ ያለ ጨው ለብቻ አስፈጫለሁ። «ፕሮቲን ካጣ እንቁላል አብዢለት» የሚሉም አሉ፤ ወንፊቱ እስካልዳነ ድረስ ትርፉ በሽንት መውጣት ነው፣ እንደ እድሜው በልኩ ይበቃዋል።

የሚያስፈራኝን ልንገራችሁና ላብቃ። እነዚህ ልጆች ከኢንፌክሽን የሚከላከለውንም ፕሮቲን በሽንት ያጣሉ፣ ደማቸውም የመርጋት ዝንባሌ አለው። ትኩሳት፣ ከባድ የሆድ ሕመም፣ የአንድ እግር ብቻ ማበጥ፣ የትንፋሽ ማጠር ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ነው። ክትባት ሲደርስም ልጁ ስቴሮይድ እየወሰደ መሆኑን አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ እንደ ኩፍኝ ያሉ ሕያው ክትባቶች መዘግየት ሊኖርባቸው ይችላል፣ የሳንባ ምች ክትባት ግን ያስፈልገዋል። ጥያቄ ያላችሁ ላኩልኝ፣ በሚቀጥለው ዝግጅት የልጆች ኩላሊት ሐኪም ይዤ ስለምቀርብ እሷን እጠይቅላችኋለሁ።