«የለም» አልኳት

እንደምን አላችሁ የኔ ሰዎች። ዛሬ የጀበናው ድምፅ የለም። መኪና ውስጥ ሆኜ ነው ፖድካስቱን የምቀዳው፣ በሩን ዘግቼ። ሰውዬው፣ ባሌ፣ የሌሊት ፈረቃ ገብቶ ስለነበር ተኝቷል። እና ስለ እሱም ስለማወራ ቤት ውስጥ ሆኜ አፌ አልፈታ አለኝ። የእማዬን የቪዛ ነገር ዛሬ እጨርሰዋለሁ ብያችሁ ነበር። ይቆየን። ሌላ ነገር ይዞኛል።

ቅዳሜ ነው። በር ተንኳኳ። የትልቁ ልጄ ጓደኛ፣ ያ ረጅሙ፣ እንጀራውን ጠቅልሎ እንደ ሳንድዊች የሚበላው። ከእናቱ ጋር ነው የመጣው። እሷን ትምህርት ቤት በር ላይ ከሩቅ ነበር የማውቃት፣ እጅ ከመነሳት ያለፈ ነገር የለንም። እጄ ሊጥ በሊጥ ነው። ግቢ አልኳት። አልገባችም። ልጁን ትከሻው ላይ ይዛ፣ ፈገግ ብላ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ሁሉንም ቤት ነው የምጠይቀው» አለችኝ። ስለ ውሻ መስሎኝ ነበር። ወይ ስለ ኦቾሎኒ፣ የማይስማማቸው ልጆች አሉ አይደል።

«ቤታችሁ የጦር መሣሪያ አለ? ካለስ ተቆልፎ ነው የሚቀመጠው?»

«የለም» አልኳት።

ሳላስበው አመለጠኝ ብላችሁ ደስ ይለኝ ነበር። ግን አስቤ ነው ያልኩት። በዚያች ቅጽበት ካርቶኑ ታይቶኛል። የሠርግ ጫማዬ ካርቶን ነው፣ ቁምሳጥኑ አናት ላይ፣ ከሻንጣዎቹ ኋላ። ቁመቱ፣ ክዳኑ ላይ ያለው ጭረት ሳይቀር ታይቶኛል። እያየሁት ነው «የለም» ያልኩት። እሷም አመስግናኝ፣ የልጇን ፀጉር ዳብሳ ሄደች። አመነችኝ።

ለምን ዋሸሁ? እያልኩ ነው የሰነበትኩት። አንዱ እፍረት ነው። ሐበሾቹ ቤት ሽጉጥ አለ እንዳትል። አንዱ ደግሞ ገመና የሚባለው ነገር ነው። የቤትን ነገር ለማያውቁት ሰው በር ላይ አያወሩም ተብለን ነው ያደግነው። ሦስተኛው... ሦስተኛውን አሁን አልናገረውም። ቆዩኝ።

ልጆቹ ሳሎን ተቀመጡ። እኔ ዳቦውን ምድጃ ውስጥ ከትቼ ወደ መኝታ ቤት ወጣሁ። በሩን ቆለፍኩ። ወንበር ላይ ቆሜ ካርቶኑን አወረድኩና አልጋ ላይ አስቀመጥኩት። ክዳኑን ከፈትኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረን ነክቼው አላውቅም ነበር። ጥይት ይጉረስ አይጉረስ አላውቅም። እንዴት እንደሚታይም አላውቅም። ከፍ ባደርገው ቃታውን ብነካውስ? ቤቴ ውስጥ፣ አልጋዬ ላይ፣ በራሴ ዕቃ ፊት እጄ ተንቀጠቀጠ። ልጆቹ ታች ይስቃሉ። ስለ ሌብሮን ነው የሚከራከሩት። ስንት ደቂቃ እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ያነቃኝ የዳቦው ማረር ነው፣ ሽታው ወደ ላይ መጣ።

ሰውዬው ለምን እንደገዛው ታውቃላችሁ። ያን ክፍል የሰማችሁ ታውቃላችሁ፣ አልደግመውም። ማደያው ውስጥ ግንባሩ ላይ የተደገነበት ሌሊት። ከዚያ በኋላ ለአራት ወር እንቅልፍ አልነበረውም። ሽጉጡ ከመጣ በኋላ ተኛ። ይሄን መካድ አልችልም። ባሌ የተኛው በዚያ ዕቃ ነው።

ግን ዊንደር አለ፣ እዚሁ አሜሪካ፣ ጆርጂያ ውስጥ ያለው ከተማ። ከኛ ቤት ብዙ አይርቅም። ነሐሴ 29 ቀን 2016፣ በፈረንጁ ሴፕቴምበር 4 ቀን 2024፣ አዲስ ዓመት ሊገባ ሳምንት ሲቀረው። እኔ ለእንቁጣጣሽ ዶሮ የት እንደምገዛ እያሰብኩ ነበር። ልጄ ከራሱ ትምህርት ቤት «እማ ደህና ነኝ» ብሎ ጻፈልኝ። ምን ተፈጥሮ? ገና ምንም አልሰማሁም ነበር። አፓላቺ ሃይስኩል ውስጥ ሁለት ተማሪዎችና ሁለት መምህራን ተገደሉ። የሞቱት ተማሪዎች 14 ዓመታቸው ነበር። ተኩሷል የተባለውም ልጅ 14 ዓመቱ ነበር። ጠመንጃውን ለገና ስጦታ የሰጠው አባቱ ነው ብሎ ዐቃቤ ሕግ አባትየውንም ከሰሰው፣ በሁለተኛ ደረጃ ግድያ ጭምር።

እኔን የማይለቀኝ ግን ሌላ ነው። ከዚያ በፊት፣ በፈረንጁ 2023 ግንቦት ላይ፣ ለኤፍቢአይ ጥቆማ ደርሶ የሸሪፍ ሰዎች፣ የአካባቢው ፖሊሶች ማለት ነው፣ አባትየውንና ልጁን አነጋግረዋቸው ነበር። አባትየው ቤት ውስጥ የአደን መሣሪያዎች እንዳሉ ተናግሯል። ልጁ ግን ያለ ተቆጣጣሪ አያገኛቸውም አለ። ተጠየቀ፣ መለሰ። ጠያቂዎቹም ሄዱ።

ያኔ ይሄን ዜና ሳነብ እንዴት ተሳድቤ ነበር መሰላችሁ። እዚሁ ፖድካስት ላይ ነው የተሳደብኩት፣ ታስታውሱ ይሆናል። ምን ዓይነት አባት ነው ብዬ። አሁን ሳየው እሱ ቢያንስ «አለ» ብሏል። እኔ «የለም» ነው ያልኩት።

(ዝምታ)

ስለ አያቶቼ ላውራ። እዚያ ቤት ምንሽር ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል አጠገብ። ማንም ልጅ አይነካውም። ጥይቱ ግን ሌላ ቦታ ነው። አያቴ፣ ሴቷ አያቴ፣ ሣጥኗ ውስጥ ነው የምታስቀምጠው። ቁልፉ ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ ነበር። አያቴ ወንዱ አደን ሲወጣ መጥቶ ይጠይቃታል። ስንት ትፈልጋለህ ትለዋለች። ቆጥራ ትሰጠዋለች፣ ሲመለስ ቆጥራ ትቀበለዋለች። ስለ መብት ያወራ ሰው እዚያ ቤት አልሰማሁም። የሚቆጠር ነገር ነበር እንጂ።

ይሄን ለሰውዬው ስነግረው ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ? «የዚያው አገር ሰው አይደል በሠርግ ወደ ሰማይ የሚተኩሰው?» አለኝ። ልክ ነው። የጎረቤታችን እግር የቀረው በሠርግ ጥይት ነው። እንግዲህ የኛም አገር ነገር ምሳሌ ይሁን አይሁን...

ለነገሩ እሑድ ማታ ተጨቃጨቅን። ሕጉን ከኔ በላይ ያውቀዋል። ጆርጂያ ውስጥ በፈረንጁ ከ2022 ጀምሮ ሽጉጥ ደብቆ ለመያዝ ፈቃድ እንደማያስፈልግ፣ ኬነሶ ከተማ ከ1982 ጀምሮ የቤተሰብ ኃላፊ መሣሪያ ይኑረው የሚል ደንብ እንዳላት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2008 ቤት ውስጥ ሽጉጥ መያዝ የግለሰብ መብት ነው ማለቱን፣ ዋሽንግተን ዲሲ መሣሪያው ቤት ውስጥ ተፈታትቶ ወይም ቃታው ተቆልፎ ይቀመጥ ያለችውንም መሻሩን። ሁሉንም ነገረኝ። እውነቱን ነው።

«መብትህን ማን ነካብህ? ቁልፍ ነው የጠየቅኩህ» አልኩት።

«ሌባ በር ሲሰብር እኔ ጨለማ ውስጥ ቁጥር እየነካካሁ ልቁም? ያን ሌሊት አንቺ አልነበርሽም።»

አልነበርኩም። ምን ልበለው? ከሱ ፍርሃት ፊት የኔ ፍርሃት ገና ያልሆነ ነገር ነው። የሱ ግን ሆኗል። የሚሺጋኖቹን ወላጆች አነሳሁበት፣ በ2021 ኦክስፎርድ ሃይስኩል ውስጥ አራት ተማሪዎች የገደለውን ልጅ እናትና አባት። በ2024 ሁለቱም በቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኛ ተብለው እያንዳንዳቸው ከ10 እስከ 15 ዓመት ተፈረደባቸው። ሰውዬው ዝም አለ። ቀጥሎ «የኛ ልጅ እንደዚያ ነው ልትዪኝ ነው?» አለኝ። ድምፁ ተሰበረ። ጭቅጭቁ እዚያ ላይ ቆመ።

ሦስተኛው ይሄ ነው። ቅድም የዘለልኩት። ልጄ ከክረምት ወዲህ ክፍሉን ይዘጋል። ምሳ ዕቃውን ሳይነካው ይመልሳል። አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ዕድሜው ነው ይሉኛል። ሰው ይጎዳል ብዬ አይደለም። እሱን አላስብም፣ ማሰቡም ኃጢአት ይመስለኛል። እኔ የምፈራው ለራሱ ነው። አንድ መጥፎ ማታ ከወንበሩ ላይ ቆሞ ያን ካርቶን ቢያወርድስ? እዚህ አገር ከ2020 ወዲህ ልጆችንና ታዳጊዎችን ከሁሉ በላይ የሚገድለው መሣሪያ ነው። ከመኪና አደጋ በልጦ ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ደግሞ ጥቂት የማይባሉት በራሳቸው እጅ ነው። ያቺ እናት ስትጠይቀኝ «አለ» ካልኩ የሚቀጥለው ጥያቄ «ተቆልፏል?» ነው። «አልተቆለፈም» ካልኩ፣ ስለ ልጄ የማላወራውን ነገር ጮክ ብዬ ማሰብ ሊኖርብኝ ነው። ለዚህ ነው መሰለኝ የዋሸሁት። መሰለኝ ነው የምላችሁ፣ እርግጠኛ አይደለሁም።

ማክሰኞ ሰውዬው ሣጥን ይዞ መጣ። በቁጥር የሚከፈት የብረት ሣጥን፣ ትንሽዬ። ምንም አላለኝም፣ አልጋው ሥር አስቀመጠው። አቅፌው አለቀስኩ። ከዚያ ቁጥሩን ነገረኝ። የልጃችን ልደት ነው። ልረሳው የማልችለው ቁጥር ነው አለኝ። እኔም አልረሳውም። ልጁስ ይረሳዋል? ይሄን እስካሁን አላልኩትም። አሁን ሣጥን ገዝቶ የመጣን ሰው እንዴት...

ትናንት ደግሞ ያቺ እናት ጻፈችልኝ። ቅዳሜ ይምጣ ወይ? እናንተ ቤት ሲሆን ልቤ ያርፋል ትላለች። አልመለስኩም። ሦስት ጊዜ ጽፌ አጠፋሁት። «አንድ ነገር ልንገርሽ» እልና እዚያ ላይ እቆማለሁ። ከነገርኳት ልጇን አትልክም። ልጄ ደግሞ ያለው ጓደኛ እሱ ብቻ ነው። ካልነገርኳት... 

ቆይ። ትልቁ መጣ፣ መስኮቱን እያንኳኳ ነው። ምን ሆነህ? ና፣ ግባ። ቆዩኝ እስቲ።