ማሽኑ ምን እየጠበቀ ነው?

የተከበራችሁ መምህራን፣ ዛሬ ሥልጠናችሁን ፈጽማችሁ ከነገ ጀምሮ የሰው ቤት በር የምታንኳኩ ወጣቶች፤ እንኳን ደስ አላችሁ።

ስለ ልብስ ማጠቢያና ማድረቂያ ማሽኖች ጥገና እንድናገር ስጋበዝ መጀመሪያ ያሰብኩት የብልሽት ዓይነቶችን በዝርዝር ጽፌ ላነብላችሁ ነበር። ጀምሬ ተውኩት። እንዲህ ያለው ዝርዝር በየማሽኑ መመሪያ የመጨረሻ ገጾች ላይ አለ፤ እኔም ጀማሪ ሳለሁ በቃሌ አጥንቼው ነበር፤ ከስህተት ግን አላዳነኝም። የመጣሁት አንዲት ጥያቄ ይዤ ነው።

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንድ ቤት ተጠራሁ። ማሽኑ ያጥባል፣ አይጨምቅም። መጭመቅ የሞተር ሥራ ነውና ልቤ ወዲያው ሞተሩን ጠረጠረ። ወደ ሥራ ቦታዬ ወስጄ ለሞተሩ የሚዞር ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያደርሱትን ካርቦኖች ቀየርኩና ሞከርኩት፤ እንደ ነፋስ ተሽከረከረ። ደስ ብሎኝ መለስኩት፣ ቦታው ላይ አስገባሁት፤ እምቢ አለ። እንደገና ወሰድኩት፣ ማሽኑን የሚያዘውን የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ቀየርኩ፤ ጨመቀ። መለስኩት፤ እምቢ አለ። በሦስተኛው ጊዜ ማሽኑን ወደ ግድግዳው እየገፋሁ ሳለ በጎን በኩል አጮልቄ ባይ የፍሳሽ ቱቦው ከጀርባው ሲታጠፍ አየሁት። በመለስኩት ቁጥር አጣፊው እኔው ነበርኩ። ውሃው በቀጭኑ እየተንጠባጠበ ስለሚወጣ ማሽኑ የተሰጠው ጊዜ ያልቅበትና መጭመቁን ይተወዋል። የቤቱ እመቤት አልተቆጡም፤ ዝም ብለው አዩኝ። ቁጣ ይሻለኝ ነበር።

ያ ማሽን አንድም ቀን ተበላሽቶ አያውቅም። እየጠበቀ ነበር። ሆዱ ውሃ እንደያዘ ልብሱ ያለበትን ከበሮ በደቂቃ 1000 ወይም 1200 ዙር ማሽከርከር ስለሌለበት ውሃው እስኪወጣ ይጠብቅ ነበር። የጠፋው ነገር ሞተሩ አጠገብ ሳይሆን ከሞተሩ በፊት ባለው ተራ ላይ ነበር።

ልብስ ማጠቢያ ማሽን ተራ የሚያከብር ፍጥረት ነው። በሩ መቆለፉን ሳያረጋግጥ ውሃ አያስገባም፤ ውሃው ልኩ ላይ ሳይደርስ ማሞቂያውን አያበራም፤ ውሃው ሳይወጣ፣ ልብሱም በከበሮው ዙሪያ እኩል ሳይሰራጭ አይጨምቅም። ስለዚህ ደንበኛችሁ «ቆመብኝ» ሲላችሁ «ምኑ ተበላሸ?» ብላችሁ አትነሱ። «ምን እየጠበቀ ነው?» በሉ። መልሱ ብዙውን ጊዜ ከቆመበት አንድ እርምጃ ወደኋላ ነው።

ከበሩ እንጀምር። በብዙዎቹ ማሽኖች ቁልፉ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ የሚሞቅ ትንሽ ክፍል አለ፤ እሱ ሲሞቅ በሩ ይቆለፋል፣ ሲበርድ ይለቃል። ለመብረድ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ይፈልጋል። ብዙ የበር እጀታ የሚሰበረው በዚያች ደቂቃ ውስጥ ነው። ሰው ልብሱን ለማውጣት ይቸኩላል፣ ይጎትታል፣ ከዚያ እኛን ይጠራል። ለደንበኛ ይህን መንገር ከሥራችሁ ዋጋ ላይ ይቀንስ ይሆናል፤ ቢሆንም ንገሩ።

ቀጥሎ ውሃ ነው። ማሽኑ እያንጎራጎረ ውሃ ካላስገባ ውሃውን የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ቫልቭ ከመክሰሳችሁ በፊት የውሃ ቧንቧው መከፈቱን እዩ፤ ከዚያ የመግቢያ ቱቦውን ፈትታችሁ ቫልቩ አፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ወንፊት ተመልከቱ። አሸዋና ዝገት ደፍኗት ታገኟት ይሆናል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ያሉት አበው ይህችን ወንፊት ባያውቋትም ለእሷ የተናገሩ ይመስለኛል።

አሁን ብዙ ባለሙያ የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። ማሽኑ ውሃው ልኩ ላይ መድረሱን በዓይን አያይም። ከበሮው ከሚዞርበት የውሃ ገንዳ ግርጌ ተነስታ ወደ ላይ የምትወጣ ቀጭን የአየር ቱቦ አለች። ውሃው ከፍ ሲል ቱቦዋ ውስጥ የታፈነውን አየር ይገፋል፤ የተገፋው አየር ጫፏ ላይ ያለውን የግፊት መቆጣጠሪያ ይጫናል፤ ማሽኑም «ሞልቷል» ይላል። ቱቦዋ በሳሙና ዝቃጭ ከተደፈነች ማሽኑ ይዋሻል፤ ወይም እንደተዋሸ ይቀራል ማለት ይሻላል። ባዶውን ሳለ ሞልቻለሁ ብሎ ያምናል፤ ወይም ሞልቶ እየፈሰሰ ውሃ መጠጣቱን አያቆምም። ቱቦዋን አውልቁ፣ አጽዱ፣ መቆጣጠሪያው የድሮው ዓይነት ከሆነ ቀስ ብላችሁ እፍ በሉበት፤ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። ድምፁ ካለ ምናልባት ልትቀይሩት የነበረው ዕቃ ጤነኛ ነው።

ውሃ እየገባ፣ ነገር ግን በጭራሽ የማይሞላ ማሽንም ያጋጥማችኋል። ያኔ ወደ ውስጥ ሳይሆን ወደ ውጭ ተመልከቱ። የፍሳሽ ቱቦው ጫፍ መሬት ላይ ከተጣለ የገባው ውሃ በራሱ ክብደት እየተሳበ ይወጣል። ጫፉ ከወለሉ ከ60 እስከ 100 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ መታሰር አለበት። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

ማሞቂያው ራሱን በሰዓት ያጋልጣል። ማሽኑ በደንብ ተነስቶ፣ ውሃ አስገብቶ፣ ጥቂት ካጠበ በኋላ የቤቱን መብራት የሚያጠፋ ከሆነ መብራቱ በጠፋበት ደቂቃ ምን ሊጀምር እንደነበር ጠይቁ። ውሃ ማሞቅ ከነበረ የማሞቂያው ሽፋን ተሰንጥቆ ኤሌክትሪኩ ወደ ብረቱ ገላ ማምለጡን ጠርጥሩ። በ230 ቮልት የሚሠራ የ2000 ዋት ማሞቂያ ጤነኛ ከሆነ ሽቦዎቹ ተነቅለው የኤሌክትሪክ መቋቋሙ በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ሲለካ 26 ኦም አካባቢ ያሳያል። ይህ ልኬት ብቻውን ግን አያድናችሁም፤ ከማሞቂያው ጫፍ ወደ ብረቱ ገላም ለኩ። እዚያ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት መንገድ መኖር የለበትም።

ስለ ፓምፑ ማጣሪያ ሁላችሁም ስለምታውቁ አላረዝምም። ሳንቲም፣ ቁልፍ፣ የፀጉር ሽቦ፣ የሕፃን ካልሲ። ከመክፈታችሁ በፊት ዝርግ ሳህን ከሥር አድርጉ፣ ውሃው መብረዱንም አረጋግጡ። ከከፈታችሁ በኋላ ግን በባትሪ ወደ ውስጥ አብርታችሁ የፓምፑን መዘውር በጣታችሁ አዙሩት፤ ማጣሪያውን አጽድቶ መዘውሩ ላይ የተጠመጠመውን ክር የሚተው ባለሙያ በሳምንቱ ተመልሶ ይጠራል።

ብዙ ሳሙናም መጭመቅን ይከለክላል፤ ይህን ደንበኞች አያምኑም። ፓምፕ ውሃ እንጂ አረፋ መግፋት አይችልም። ማሽኑን ያለ ልብስና ያለ ሳሙና በሙቅ ውሃ አስነሱትና በመስታወቱ ተመልከቱ፤ አረፋ ከታየ ማስረጃችሁ ዓይናቸው ፊት ነው።

እርግጥ ነው፣ እውነተኛ ስብራትም አለ። ሲጨምቅ አውሮፕላን የሚነሳ የሚመስል ድምፅ የሚያወጣ ማሽን ማንንም እየጠበቀ አይደለም፤ ከበሮው የሚዞርበት ኩሽኔታ አልቋል። ከበሮውን በእጃችሁ አዙሩና ስሙት፣ ጠርዙን ይዛችሁ ወደ ላይ አንሱት፤ ከገንዳው ተለይቶ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ጥርጣሬው ተረጋገጠ። እዚህ ላይ ቂም አለኝ። አንዳንድ አምራቾች ገንዳውን በብሎን በመግጠም ፈንታ አጣብቀው ይደፍኑታል፤ አንዲት ኩሽኔታ ለመቀየር ገንዳውን ከነከበሮው መግዛት ግድ ይሆናል። እንዲህ ሲያጋጥማችሁ ጥገናው እንደማያዋጣ ለባለቤቱ በግልጽ ንገሩ።

ወደ ማድረቂያው ልለፍ። ማድረቂያ የሚጠብቀው አየር ነው። «አያደርቅም» ተብላችሁ ስትጠሩ መጀመሪያ ልብሱ ከማጠቢያው ሲወጣ ምን ያህል እንደተጨመቀ ጠይቁ፤ በ800 ዙር የተጨመቀ ልብስ በ1400 ዙር ከተጨመቀው ይበልጥ ውሃ ይዞ ይገባልና ማድረቂያው ሳያጠፋ ይወቀሳል። ከዚያ የአየሩን መንገድ ከመግቢያው እስከ መውጫው ተከተሉ፦ የብናኝ ማጣሪያው፣ እንፋሎቱን ወደ ውሃ የሚመልሰው ክፍል፣ አየሩን ወደ ውጭ የሚያስወጣ ዓይነት ከሆነም ቱቦው። ልብሱ እርጥብ ሆኖ ሳለ «ደርቋል» ብሎ ቀድሞ የሚያቆም ከሆነ ከበሮው ጋ ያሉትን ሁለት የብረት ዘንጎች በኮምጣጤ በራሰ ጨርቅ ጥረጉ። ማሽኑ እርጥበትን የሚያውቀው በእነሱ ነው፤ የልብስ ማለስለሻ ይለብሳቸዋል።

ከዚህ በኋላ የምናገረውን እባካችሁ ጻፉት። ማድረቂያው ይዞራል፣ ነገር ግን አይሞቅም እንበል። ለካችሁ፣ የሙቀት መከላከያ ፊውዙ ተቃጥሎ አገኛችሁት። አዲስ ፊውዝ አስገብቶ መሄድ ግማሽ ሥራ ነው፤ ፊውዙ የተቃጠለው አየር ታፍኖ ሙቀቱ መውጫ ስላጣ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱን ሳታገኙ ከዚያ ቤት አትውጡ። ፊውዙን ዘልሎ በሽቦ ቀጥታ ማገናኘትን በተመለከተ ደግሞ፣ የሠራችሁት ጥገና አይደለም፤ የልብስ ብናኝ በተከማቸበት ሣጥን ውስጥ እሳት አስቀምጣችሁ ነው የወጣችሁት።

በሙቀት ፓምፕ የሚሠሩት ማድረቂያዎች እንደ ማቀዝቀዣ የታሸገ የጋዝ መስመር አላቸው። በአንዳንዶቹ ውስጥ ያለው ጋዝ ፕሮፔን ነው፤ ይቃጠላል። ማጣሪያና የአየር መንገድ አጽዱ፤ የጋዙን መስመር ግን የዚያ ሥልጠና ላላቸው ተዉት።

ማንኛውንም ሽፋን ከመክፈታችሁ በፊት ሶኬቱን ንቀሉ፤ ማጥፊያውን መጫን ብቻ አይበቃም። ሞተሩ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ) ካለው ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ይችላል። የቆርቆሮው ጠርዝ ደግሞ ምላጭ ነው፤ ይህን እጄ ላይ ያሉት ጠባሳዎች ይመሰክራሉ።

ከአዳራሹ ኋላ የቆመውን ማሽን አይታችኋል። ትናንት ማታ መምህራችሁና እኔ ሦስት ቦታ ላይ ሆን ብለን አበላሽተነዋል። ካቻቢቴዎቹን ሰብስቤ ኪሴ ውስጥ ከትቻቸዋለሁ። አሁን እናስነሳዋለን፤ እናንተ ወረቀትና ሰዓት ይዛችሁ ዙሪያውን ተቀመጡ፣ በስንተኛው ደቂቃ ምን እንዳደረገና የት ላይ እንደቆመ ጻፉ። ምን እየጠበቀ እንደሆነ በትክክል የነገረኝ ካቻቢቴውን ይቀበላል።