ከጠመንጃው ይልቅ አንደበቱ የበረታ የተኩስ ጨዋታ

[ምስል፦ ከጨዋታው የተወሰደ የሌሊት በረሃ፤ ከሩቅ የከተማ መብራት ይታያል]

ተራኪ፦ አንድ መልእክተኛ የአደራ ዕቃ ይዞ በረሃ ሲያቋርጥ ይያዛል። ዳማ ጥለት ያለው ኮት የለበሰ ሰው ሽጉጥ ደቅኖ ጭንቅላቱን በጥይት ይመታዋል፤ ዕቃውን ወስዶም በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ጥሎት ይሄዳል። "ፎልአውት፦ ኒው ቬጋስ" የሚጀምረው ከዚህ ነው። መልእክተኛው እናንተ ናችሁ። ከጉድጓዱ የሚያወጣችሁ ሮቦት ነው፤ የሚያክማችሁ ደግሞ ጉድስፕሪንግስ በምትባል ትንሽ መንደር የሚኖር አንድ ሽማግሌ ሐኪም። ዘመኑ 2281 ነው። የኑክሌር ጦርነት ዓለምን ካወደመ ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል።

ጨዋታውን የሠራው ኦብሲዲያን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን ለገበያ የቀረበው በፈረንጆቹ 2010 ነው። የተኩስ ጨዋታና የሚና ጨዋታ በአንድ ላይ ነው፦ ትተኩሳላችሁ፣ ነገር ግን ማን እንደምትሆኑም እናንተው ትወስናላችሁ። በእኔ ሚዛን ሁለቱ እኩል አይደሉም። ተኩሱ ደካማ ነው፤ ሚናው ግን እስከ ዛሬ ጥቂቶች ብቻ የደረሱበት ነው።

[ምስል፦ ጠላት በቀጥታ ወደ ካሜራው ሲሮጥ]

ከድክመቱ ልጀምር። ጠላቶች ብልሃት የላቸውም። ወይ ፊት ለፊት እየሮጡ ይመጡባችኋል፣ ወይ ቆመው ይተኩሳሉ። የሰዎቹ አካሄድ ደረቅ ነው፤ ጥይት ሲመታቸውም ክብደቱ አይሰማም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ሠሪዎቹ የተሰጣቸው ጊዜ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ብቻ ነበር፤ የተጠቀሙትም በ2008 ለወጣው "ፎልአውት 3" ያገለገለውን የፕሮግራም መሠረት ነው። "ቫትስ" የሚባለው ዘዴ ጊዜን አቁሞ የጠላትን እጅ ወይም እግር ለይታችሁ እንድትመርጡና የመምታት ዕድላችሁን በመቶኛ እንድታዩ ያደርጋል። ጥሩ ዘዴ ነው፣ ግን የተኩሱን ድክመት ይሸፍናል እንጂ አያስወግደውም።

[ምስል፦ ሐኪሙ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲጠይቅ]

አሁን ወደ ሐኪሙ ቤት እንመለስ። ጉልበት፣ ብልህነት፣ ዕድልና የመሳሰሉ ሰባት ባሕርያት አሉ፤ ነጥቡን የምታከፋፍሉት እናንተ ናችሁ። ከዚያ ከ13 ክህሎቶች ሦስቱን ትመርጣላችሁ፦ ጠመንጃ፣ ሕክምና፣ ንግድ፣ ንግግር፣ ፈንጂ፣ ጥገና... ይህ ቅጽ የመሙላት ጉዳይ ብቻ ይመስላል። አይደለም። ብዙም ሳትቆዩ ሽፍቶች መንደሯን ሊወርሩ ይነሳሉ። ልትከላከሉላት ከወሰናችሁ ንግግር የምትችሉ ከሆነ የመጠጥ ቤቷን ባለቤት አሳምናችሁ ሕዝቡን ታስነሳላችሁ። ንግድ ከሆነ የመረጣችሁት፣ ባለሱቁን አግባብታችሁ መሣሪያ እንዲያቀርብ ታደርጋላችሁ። ፈንጂ የምታውቁ ከሆነ አንድ ሽማግሌ የደበቀውን ድማሚት ይሰጣችኋል። ሕክምና ከሆነ ሐኪሙ መድኃኒት ያካፍላችኋል። ከፈለጋችሁ ደግሞ ከሽፍቶቹ ጎን ተሰልፋችሁ መንደሯን ራሳችሁ ትወርራላችሁ። አንዲት ትንሽ መንደር ይህን ያህል በር ከከፈተች፣ የቀረውን አስቡት።

እስከ መጨረሻውም እንዲሁ ነው። በአብዛኞቹ መንገዶች ፍጻሜ ላይ የምትገጥሙት የጦር አለቃ ከሁሉም የበረታ ተዋጊ ነው። የንግግር ክህሎታችሁ ከፍተኛው ነጥብ 100 ከደረሰ ግን አንድ ጥይት ሳትተኩሱበት፣ ግዛቱን ቢይዝ እንኳ ሊያቆየው እንደማይችል አስረድታችሁ ወደ ኋላ ትመልሱታላችሁ። እኔ ይህን ጨዋታ የምወድደው በዚህ ምክንያት ነው። በእኛ ከተማ በባሕር ዳር የተኩስ ድምፅ ከስክሪን ውጭም ተሰምቷል። ጠመንጃ በእጅ ይዞ ላለመተኮስ መምረጥ የሚቻልበት፣ ምርጫውም እንደ ብልሃት እንጂ እንደ ፍርሃት የማይቆጠርበት ጨዋታ ለእኛ ወጣቶች ዋጋ አለው ብዬ አምናለሁ።

[ምስል፦ ዓባይ ከጣና የሚወጣበት ስፍራ፤ ከዚያ የሁቨር ግድብ]

ሌላም አለ። በጨዋታው ውስጥ ሁሉም ወገን የሚዋጋለት ነገር ወርቅ አይደለም፤ ግድብ ነው። በኮሎራዶ ወንዝ ላይ ያለው የሁቨር ግድብ በእውነተኛው ዓለም ቁመቱ 221 ሜትር ነው፤ በጨዋታው ውኃና መብራት የሚሰጠውን እርሱን የያዘ በረሃውን ይይዛል። ከካሊፎርኒያ የመጣ ሪፐብሊክ፣ በባርነት የሚያምን የጦር ሠራዊት፣ ቬጋስ የተባለችውን ከተማ ብቻውን የሚገዛ ባለጸጋ፣ ወይም ከሦስቱም ነጻ የሆነች ቬጋስ፦ ለማን ትሰጡታላችሁ? ባሕር ዳር ላደገ ሰው ይህ የሩቅ ተረት አይደለም። 460 ሜጋዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ የተመረቀው ጨዋታው በወጣበት በዚያው በፈረንጆቹ 2010 ነው። የሐይቁ ውኃ ለኃይል ማመንጫ ሲዞር ጢስ ዓባይ ላይ የሚወርደው ፏፏቴ እንደሚቀንስ እናውቃለን። መብራቱም ያስፈልገናል፤ ፏፏቴውም፣ ዓሣ አስጋሪውም፣ ጀልባውም አሉ። ጨዋታው ለአራቱም ጎራ የሚያሳምን ምክንያት ለመስጠት ይጥራል፤ ከባርነት አራማጁ በቀር ሦስቱ ላይ ተሳክቶለታል።

[ምስል፦ በስክሪን ላይ ረጅም የእንግሊዝኛ ንግግር]

ለእኛ ተመልካች ከባዱ ድክመት ግን ቋንቋው ነው። ወደ 65,000 የሚጠጉ የንግግር መስመሮች አሉት፤ አማርኛ የለውም። እንግሊዝኛው የሚከብደው ልጅ ንግግሩን እየዘለለ ስለሚያልፍ የሚቀረው ተኩሱ ብቻ ነው፤ ማለትም የጨዋታው ደካማ ክፍል። ስለዚህ ከቅንብሩ ውስጥ የንግግር ጽሑፉን አብሩት፣ ቀስ ብላችሁ አንብቡ፣ ከቻላችሁም ከጓደኛ ጋር ተቀምጣችሁ ተጫወቱት። በሰዓት የሚከፈልባቸው የፕሌይስቴሽን ቤቶች ለእግር ኳስ ጨዋታ ይመቻሉ፤ ለዚህኛው ግን አይሆኑም። ብዙ ቀን ይፈልጋል።

ደግነቱ የኮምፒውተር አቅም አያስጨንቅም። ሁለት ጊጋባይት ራምና ዐሥር ጊጋባይት ባዶ ቦታ ይበቃዋል፤ ያገለገለ ላፕቶፕ ያለው ሰው አያፍርም። ሲወጣ በስህተት የተሞላ ነበር፤ ብዙው ቢታረምም ዛሬም በድንገት ይዘጋል። መብራትም በድንገት ይጠፋል። ለሁለቱም መፍትሔው አንድ ነው፦ በየጊዜው አስቀምጡት፣ በአንድ ፋይል ላይ ብቻም አትደገፉ።

ከሁቨር ግድብ ጦርነት በኋላ ጨዋታው ያበቃል፤ ውሳኔያችሁ ያመጣውን ለውጥ በምድሪቱ እየዞራችሁ ማየት አትችሉም። ይህ በእውነት ያስቆጫል። መመለሻ የሌለው ነጥብ ላይ ስትደርሱ ጨዋታው ራሱ ያስጠነቅቃችኋል። እናንተ ግን ከዚያ ቀድማችሁ፣ ገና ጎራ ሳትመርጡ፣ አንድ ፋይል ለብቻው አስቀምጡ፤ ሌሎቹን ሦስት መንገዶች የምትሞክሩት ከዚያ ተነስታችሁ ነው።